ከማሠልጠኛ የተላከ የጦርነት ጊዜ ደብዳቤ እንዴት ይነበባል?

ይህን የምጽፈው በተለይ አሜሪካ ውስጥ ሆም ኬር (አዛውንትን በቤታቸው መንከባከብ) ለምትሠሩ ነው። ከአዛውንት ጋር ረጅም ሺፍት የምታሳልፉ ከሆነ፣ አንድ ቀን "እስቲ ያንን ካርቶን ከላይ አውርጂልኝ" መባላችሁ አይቀርም። ውስጡ ፎቶ ይኖራል፣ የቆመ ሰዓት ይኖራል፣ ደብዳቤ ይኖራል። ፎቶውን ሁሉም ያያል። ደብዳቤውን ግን ብዙ ጊዜ የሚያነበው የለም። እኔ ለአንድ ቤተሰብ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደብዳቤዎችን አንብቤአለሁ። ያየሁትን ብጽፈው ለሌላ ሰው ድካም ይቀንሳል ብዬ ነው። ዓመቱም ወሩም ቀኑም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

"አንቺ ከአሜሪካ ጦር ደብዳቤ ጋር ምን አገናኘሽ?" የሚለኝ አይጠፋም። ያገናኘኝ የእጅ ጽሕፈት ነው። የምንከባከባቸው ሴትዮ ዘጠናን አልፈዋል። እማማ ነው የምላቸው፤ እሳቸውም ወደውታል። ዓይናቸው ደክሟል። የልጅ ልጆቻቸው ጎበዞች ናቸው፤ ግን የተያያዘውን የእንግሊዝኛ ጽሕፈት ማንበብ አይችሉም። ትምህርት ቤት ማንም አላስተማራቸውም። እኔን ደግሞ አገር ቤት ቲቸር ማስመሪያ ይዘው በላዬ ላይ ቆመው አስተምረውኛል። ያኔ የጠላሁት ጽሕፈት ቺካጎ ሳውዝ ሳይድ ላይ ሥራ ሆነልኝ።

ከሁሉ በፊት ፈቃድ። እማማ ቢፈቅዱም ልጃቸውን አስጠየቅኩ። ኤጀንሲዬንም ነገርኩ። አንዷ ኃላፊ "ኬር ፕላኑ ላይ የለም" ብላ አስቸግራኝ ነበር፤ ኬር ፕላን የእንክብካቤው ዕቅድ ነው። አብሮ መቀመጥና ማጫወት ግን ኬር ፕላኑ ላይ አለ፤ በዚያ ስም አለፈ። ደብዳቤ ከቤት አላወጣሁም፣ በስልኬም ፎቶ አላነሳሁም። ፎቶውን ያነሳችው የልጅ ልጃቸው ናት፤ በቀን ብርሃን፣ መስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ። ፕላስተር አትለጥፉ፣ ላሚኔት አታድርጉ (በፕላስቲክ አታሽጉ)። በኋላ የሚመጣ ሰው ሊፈታው አይችልም።

ደብዳቤዎቹን የጻፈው የእማማ ታላቅ ወንድም ነው። በ1944 እና በ1945 ለቦምብ ጣይ አውሮፕላን ሲሠለጥን ለእናቱ የላካቸው ናቸው። ናቪጌተር ነበር፤ አውሮፕላኑ የት እንዳለና ወዴት እንደሚሄድ የሚያሰላው ሰው ማለት ነው። መጀመሪያ ቴክሳስ ውስጥ ሆንዶ ተማረ፤ ከዚያ እዚያው ቴክሳስ ሚድላንድ ሄዶ ቦምብ መጣል ተማረ። የሚጥሉት 100 ፓውንድ የሚመዝን የቆርቆሮ ቦምብ ነው። ውስጡ አሸዋ ነው፤ የወደቀበት ቦታ እንዲታይ ብቻ ትንሽ ባሩድ ይደረግበታል። ከሚድላንድ በኋላ 477ኛው የቦምብ ጣይ ክፍል ገባ። የዚያ ክፍል ሠልጣኞች ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ፤ አዛዦቹ ግን ነጮች። አውሮፕላኑ ቢ-25 ነው፤ ባለ ሁለት ሞተር፣ ስድስት ሰው የሚይዝ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልውጣና፣ እማማ ኢትዮጵያዊት መሆኔን ሲሰሙ መጀመሪያ ያነሱልኝ ስም ጆን ሮቢንሰን ነው። በ1935 ከቺካጎ ተነስቶ መጥቶ የጃንሆይን ጥቂት አውሮፕላኖች የመራው ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ። በ1936 ቺካጎ ሲመለስ ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ ወጥቶ ነበር የተቀበለው። የእማማ ወንድም ያኔ የ14 ዓመት ልጅ ነበር፤ ሊያየው ሄዶ ነበር አሉ። ሮቢንሰን በ1944 እንደገና ኢትዮጵያ ገብቶ አብራሪዎች አሠለጠነ። በ1954 በአውሮፕላን አደጋ ሞቶ አዲስ አበባ ተቀብሯል። ሳውዝ ሳይድ ላይ የአገሬን ስም ከእሱ ስም ጋር የምታነሳ አሮጊት አገኛለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። መቀራረባችን የጀመረው ከዚያ ነው።

ወደ ደብዳቤዎቹ ስመለስ፣ እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ሰለቸኝ። ምግቡ ጥሩ ነው። ካልሲ ላኩልኝ። ዝናብ ነው። ብስኩቱ ተሰባብሮ ደረሰ፤ ግን በላነው። አባባ ጉልበቱ እንዴት ነው? ሁሉም ደህና ነው፣ አታስቡ። ስለ ጦርነት የሚያወራ ደብዳቤ የጠበቀ ሰው እዚህ ላይ ይተወዋል። የልጅ ልጆቹም የተዉት ለዚህ ይመስለኛል።

እኔ ግን ይህን ቋንቋ አውቀዋለሁ። ቤሩት ሠርቻለሁ። እናቴ ስትደውል "ደህና ነኝ፣ ቤቱም ጥሩ ነው፣ ሰዎቹም ጥሩ ናቸው" እያልኩ ስንት ነገር ውጬ ነበር። ሰው ከሩቅ ሲጽፍ የሚጽፈው ለአንባቢው ዕረፍት ነው። ስለዚህ "ደህና ነኝ" የሚለውን ትቼ ሌላ ሌላውን ማየት ጀመርኩ፤ ቀኑን፣ አድራሻውን፣ የሰዎችን ስም፣ ድንገት የቀረውን ነገር።

ለዚህ ከደብዳቤው ይልቅ ፖስታው ይጠቅማል። አንዱ የልጅ ልጅ "ባዶ ፖስታ ምን ያደርጋል?" ብሎ ሊጥለው ነበር። እባካችሁ አታስጥሉ። በግራ በኩል ከላይ የላኪው ማዕረግ፣ የወታደር መለያ ቁጥሩ፣ ክፍሉና የጦር ሰፈሩ አለ። ማኅተሙ ላይ ከተማና ቀን አለ። ብዙ ወታደር ደብዳቤው ውስጥ "ማክሰኞ ማታ" ብሎ ብቻ ይጽፋል፤ የትኛው ማክሰኞ እንደሆነ የሚነግራችሁ ማኅተሙ ነው። ቴምብሩንም እዩ። ከ1942 ሚያዝያ ጀምሮ ወታደር ተራ ደብዳቤ በነፃ ይልክ ነበር፤ በቴምብሩ ቦታ በእጁ "ፍሪ" ብሎ ይጽፋል። የአየር ፖስታ ግን ነፃ አልነበረም። እና "ፍሪ" እያለ ሲልክ የኖረ ልጅ ድንገት ቴምብር ገዝቶ ከለጠፈ፣ ቸኩሏል ማለት ነው።

ሌላው፣ ሳንሱር ነበር ብላችሁ አትገምቱ። ባሕር ማዶ የነበሩትን ወታደሮች ደብዳቤ የራሳቸው መኮንኖች ያነቡት ነበር። አሜሪካ ውስጥ ማሠልጠኛ ላይ የነበሩት ግን በአብዛኛው ደብዳቤያቸው አይከፈትም። ያልተጻፈ ነገር ካለ፣ ያስቀረው ብዙ ጊዜ ጸሐፊው ራሱ ነው።

የሰዎችን ስም በወረቀት ላይ መዝግቡ። ፓይለቱ ማን ነበር? ራዲዮ የሚሠራው ማን ነው? በአንዱ ደብዳቤ ሲቀልድ የነበረ ልጅ በሚቀጥለው ከጠፋ ጠይቁ። ተዛውሮ ሊሆን ይችላል። 477ኛው ውስጥ የናቪጌተርና የቦምብ ጣይ እጥረት ስለነበር ቡድኑ ቶሎ ቶሎ ይቀያየር ነበር። ሌላም ሊሆን ይችላል። በዚያ ጦርነት አሜሪካ ምድር ላይ በሥልጠና ብቻ ወደ 15,000 የሚጠጉ የአየር ኃይል ሰዎች ሞተዋል። ጠላት ሳያዩ። በደብዳቤ ላይ ይህ ሁሉ "ትናንት ትንሽ ችግር ነበረ" ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። የአደጋዎቹ ሪፖርት አላባማ፣ ማክስዌል ያለው የአየር ኃይሉ የታሪክ ምርምር ማዕከል ውስጥ ይገኛል፤ ቀንና የጦር ሰፈር ካላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ።

የእማማ ወንድም በየደብዳቤው መጨረሻ ለእሳቸው ትንሽ ቦታ ይተው ነበር። ያኔ የ12 ዓመት ልጅ ናቸው። ሌላ ወንድም ቢሆን "ጎበዝ ሁኚ" ይላል፤ እሱ የሒሳብ ጥያቄ ነው የሚልከው። በሰዓት 200 ማይል የሚበር አውሮፕላን ከፊት ለፊት 30 ማይል ነፋስ ቢገጥመው፣ 340 ማይል በስንት ሰዓት ይደርሳል? ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። "ሁለት" አሉኝ፣ ሻያቸውን እንደያዙ። እኔ ገና 200 ላይ ነበርኩ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ማኅተሞቹን በቀን ስንደረድራቸው ክፍሉ እንደ ዘላን ሲዞር ታየን። 477ኛው በ1944 መጀመሪያ ሚሺጋን ሰልፍሪጅ ነበር። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ኬንታኪ ፎርት ኖክስ አጠገብ ወዳለው ጎድማን ተወሰደ። በ1945 መጋቢት ኢንዲያና ፍሪማን ገባ። በሚያዝያ መጨረሻ እንደገና ጎድማን። ጎድማን ደግሞ ለቢ-25 የማይመች ነው፤ መንደርደሪያው አጭር፣ የአውሮፕላን መጠለያው ትንሽ። ታዲያ ለምን ተመለሱ? ልጁ ስለዚህ የጻፈው "እንደገና ኬንታኪ ነን፤ አድራሻውን አስተካክሉ" ብቻ ነው።

የሆነው ይህ ነው። ፍሪማን ላይ ሁለት የመኮንኖች ክበብ ነበር። አንዱ ለአሠልጣኞች ተባለ፣ ሌላው ለሠልጣኞች። ወረቀቱ ላይ ዘር የሚል የለም። ግን ጥቁር መኮንን የፈለገውን ያህል ልምድ ቢኖረው ሠልጣኝ ተብሎ ይመዘገባል፤ ነጩ አሠልጣኝ ነው። ሚያዝያ 5 ማታና በማግሥቱ ጥቁር መኮንኖች በቡድን በቡድን እየሆኑ ወደ ተከለከለው ክበብ ገቡ። 61 ሰው ታሰረ። ከሦስቱ በቀር ወዲያው ተለቀቁ። አዛዡ ኮሎኔል ሮበርት ሴልዌይ ግን አዲስ ደንብ አወጣ፤ እያንዳንዱ መኮንን "አንብቤዋለሁ፣ ገብቶኛል" ብሎ እንዲፈርም አዘዘ። 101 መኮንኖች አንፈርምም አሉ። ጦርነት ላይ የአለቃን ትእዛዝ እያወቁ መጣስ በጊዜው የጦር ሕግ እስከ ሞት ያስቀጣል፤ ይህንንም ያውቁ ነበር። ሚያዝያ 13 በአውሮፕላን ጭነው ጎድማን ወስደው አሰሯቸው። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የሞቱት በዋዜማው ነው።

የእማማ ወንድም በዚያው ሳምንት የጻፈው ደብዳቤ አለ። ስለ ሩዝቬልት ሞት ጽፏል፤ ሰው ሁሉ አዝኗል ይላል። ስለ ዝናቡ ጽፏል። ከእሱ ጋር አንድ ክፍል ይኖር የነበረው ልጅ "አሁን እዚህ የለም" ይላል፤ የት እንደሄደ አይልም። የሒሳብ ጥያቄ የለም። ከሁሉ ደብዳቤዎች ጥያቄ የሌለበት እሱ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ያለው ግንቦት ላይ የተላከው ነው፤ የአየር ፖስታ ቴምብር ያለበትም እሱ ነው። ጉዳዩ በጥቁሮች ጋዜጦች ወጥቶ ነበርና እናቱ አንብባ ጠይቃዋለች ማለት ነው። መልሱ አንድ መስመር ነው፤ "ስለጠየቅሽኝ ነገር ስመጣ እነግርሻለሁ።" ከዚያ ስለ ካልሲ።

እማማ ይህን ሲሰሙ ቀና ብለው ተቀመጡ። ወንድማቸው ከ101ዱ አንዱ ነበር ብለው ወዲያው አመኑ። የስም ዝርዝሩ የታወቀ ነው፤ ልጃቸው አወጣችው። አንድ በአንድ አነበብኩላቸው። ስሙ የለም። ድጋሚ አንብቢ አሉኝ። ድጋሚ አነበብኩ። የለም። ስለዚህ ፈርሟል።

እዚህ ላይ ለምትሠሩ ሰዎች የምለው አለኝ። ለማጽናናት አትቸኩሉ። እኔም "ምንም አይደለም፣ ብዙዎቹ ፈርመዋል" ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ እውነትም ነው፤ ግን ያን ጊዜ የሚሰማኝ አልነበረም። ዝም አልኩ። እማማ ያን ቀን ተቆጡ፤ በማን እንደተቆጡ ግን አልገባኝም። በሚቀጥለው ሳምንት ራሳቸው አነሱት። አባታቸው በጉልበቱ ምክንያት ሥራ ካቆመ ቆይቶ ነበር። እንደ እሱ ያለ ምክትል የመቶ አለቃ ያኔ በወር 150 ዶላር ያገኝ ነበር፤ የበረራ አበል ሲጨመር 225 ይሆናል። ከዚያ ላይ ለእናቱ ይቆረጥላት ነበር። የሚቆረጠውን በየደብዳቤው "ደረሰ ወይ?" እያለ ይጠይቃል። እኔ መጀመሪያ ስሰለች የዘለልኩት መስመር ይህ ነው። አሁን ሳስበው ከደብዳቤው ሁሉ ከባዱ እሱ ነው።

እኔ ልፍረድ አልልም። 101ዱ ትልቅ ነገር ሠርተዋል። በዚያው ወር መጨረሻ ከተግሣጽ ደብዳቤ ጋር ተለቀቁ፤ ከ61ዱ መጀመሪያ ሳይለቀቁ የቀሩት ሦስቱ ግን ፍርድ ቤት ቀርበው አንዱ፣ ሮጀር ቴሪ፣ ተቀጣ። በ1995 አየር ኃይሉ የእሱን ፍርድ ሰረዘ፣ ከ15 መኮንኖች ፋይል ላይም ተግሣጹን አነሳ። በ1945 አጋማሽ ክፍሉ ጥቁር አዛዥ አገኘ፤ ኮሎኔል ቤንጃሚን ዴቪስን። ግን ጦር ሜዳ ሳይደርስ ጦርነቱ አለቀ። የእማማ ወንድም ቤቱ ገብቶ ቺካጎ ፖስታ ቤት ጡረታ እስኪወጣ ሠራ። ለእናቱ ነግሯት እንደሆነ እማማ አያውቁም።

መዝገብ ለመጠየቅ የምትፈልጉ፣ የወታደሮች ፋይል ያለው ሚዙሪ፣ ሴንት ሉዊስ በሚገኘው ብሔራዊ የመዝገብ ማዕከል ነው። ሐምሌ 12 ቀን 1973 እዚያ እሳት ተነስቶ ከ1912 እስከ 1960 ከጦሩ የተሰናበቱ ሰዎች ፋይል 80 በመቶ ገደማ ተቃጥሏል። የአየር ኃይሉ ያኔ የምድር ጦር አካል ስለነበር እነዚህም እዚያው ውስጥ ነበሩ። የእኛም ተቃጥሏል። ግን "ተቃጥሏል" የሚል መልስ ሲመጣ ተስፋ አትቁረጡ። ከሌላ ወረቀት ለቃቅመው መልሰው ለመሥራት ይሞክራሉ። ለዚያ የሚጠይቋችሁ የወታደሩን መለያ ቁጥር፣ ክፍሉን፣ የጦር ሰፈሩንና ቀኑን ነው። ሁሉም ያ ሊጣል የነበረው ፖስታ ላይ አለ። ሰውየው ከተሰናበተ 62 ዓመት ካለፈው ዘመድ ያልሆነ ሰውም መጠየቅ ይችላል፤ ለቅጂው ግን ይከፈላል። ዋናውን ደብዳቤ አትላኩ። ትዕግሥትም ያዙ፤ መልሱ ወራት ይወስዳል። ለእኛ የመጣው የመጨረሻው የደመወዝ ወረቀት ነው፤ የተሰናበተበት ቀንና ቦታ፣ የቤቱ አድራሻ።

አሁን የእማማ ልጅ ሌላ ጥያቄ ልካለች። እያንዳንዱ ክፍል በየዕለቱ ጠዋት የሚሞላው ሪፖርት አለ፤ ማን ታመመ፣ ማን ፈቃድ ወጣ፣ ማን ታሰረ የሚል። እሱ አልተቃጠለም፤ በክፍልና በወር ይጠየቃል። የጠየቅነው የ1945 ሚያዝያን ነው። ሚያዝያ 5 እና 6 ወደ ክበቡ ገብተው የታሰሩት 61 ሰዎችና ኋላ አልፈርምም ያሉት 101 ሰዎች ሁሉም አንድ አይደሉም። በሩን አልፎ ገብቶ፣ ታስሮ፣ ተፈትቶ፣ በሳምንቱ የፈረመ ሊኖር ይችላል። እማማ እሱን ነው የሚጠብቁት። ወረቀቱ እስካሁን አልመጣም።